አፍልታችሁ ጠጡ

ማክሰኞ፣ ጥር

ቀረጹኝ! ከአዲስ አበባ የመጡት የቴሌቪዥን ሰዎች ቀበሌያችን ጉድጓድ አጠገብ አቁመው ስለ ልጆቹ ጥርስ ጠየቁኝ። ክፍል ውስጥ ሁሌ የምለውን አልኩ። ጥርስ የሚያበልዘው ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው፣ ማፍላት አያወጣውም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይብሳል፣ ለሕፃን ከተራራው ምንጭ ከተሳበው ቦኖ ቅዱ። ጋዜጠኛው "በጣም ጥሩ፣ ጓድ መምህርት" አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ካሜራ ይመጣል ብሎ በዚህ ደረቅ ወር ችግኝ አስተክሎናል። ግማሹ ዛሬውኑ ጠውልጓል።

ረቡዕ

ጎረቤቴ ጫልቱ ቶሎሳን አዝላ መጣች። ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ ወተት ይመስላል። የሚበልዙት ግን ገና ድዱ ውስጥ ያሉት ናቸው። ታላቅ እህቱ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

"ቦኖው ሩቅ ነው፣ እትዬ። ቴሌቪዥኑ ካለ ግን እሄዳለሁ" አለችኝ። እኔ ስል ዓመት ሙሉ አልሰማችም! ይሁን፣ ዋናው ልጁ ነው።

ዓርብ ማታ

የቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ሊያይ በመጣ ሰው ጢም ብሎ ነበር። መጀመሪያ ችግኞቹ። በጥቁርና ነጭ የጠወለገውም ለምለም ነው፤ ተጨበጨበ።

ከዚያ እኔ። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፄ የለም። በላዩ ጋዜጠኛው በዚያ ባማረ ድምፁ፣ "ጓድ መምህርት እንዳስገነዘቡት፣ የጉድጓድ ውሃን አፍልቶ መጠጣት ጤናን ይጠብቃል።"

ወይ ጉድ! ለተቅማጥ እውነቱን ነው። ለጥርስ ግን ገደል መክተት ነው። ተነስቼ "እኔ እንዲህ አላልኩም!" ብል ሊቀመንበሩ "ቁጭ በይ፣ ዜና ሊጀምር ነው" አለ። ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ

ጫልቱ ደጅ ድስት ተጥዷል። ለቶሎሳ ነው። ግማሽ እስኪደርስ ታፈላዋለች፣ ብዙ ሲፈላ ይጠራል ብላ። ጮህኩባት።

"በዓይኔ አየሁዎት እኮ፣ እትዬ! ቴሌቪዥን ይዋሻል?"

ይዋሻል ማለት በዚህ ዘመን ያስጠይቃል።

እሑድ

ማልጄ ከቦኖ ቀዳሁና ጀሪካኖቹን በጋሪ አስጭኜ ደጇ አወረድኩ። "ካፈላሽ ይህን አፍዪ፤ ለቶሎሳ ሌላ እንዳትሰጪ።"

"ቴሌቪዥኑ ግን..."

"ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረችው ማን ናት? እኔው ነኝ የማዝሽ!"

ሳቀች። "ገለቶማ፣ እትዬ" ብላ አመስግናኝ የጉድጓዱን ደፋች፣ የቦኖውን ጣደች። ታፍላው፣ ይህኛው አይጎዳም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ወደ ቤቴ ስመለስ በየደጁ ጭስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የጉድጓዱን ውሃ ጥዶ ያፈላል። አንዷ ከሩቅ "እርስዎ እንዳሉን እያደረግን ነው!" አለችኝ።