የበላይ ቴስታ

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለጸሐይወርቅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የሞስኮ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ሱቁም አለ፤ ስኳር የለም እንጂ። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የበዛብሽ ልጅ እሸቱ ይዞልሽ ይመጣል። በፖስታ የማይላክ ነገር ስላለበት ነው።

ነገሩ የወንድምሽ ነው። በላይ ለቀበሌው ቡድን እንደሚጫወት ታውቂያለሽ። ቁመቱን ከእናትሽ ወንድሞች ነው ያመጣው፤ እኔን ቢወርስማ ኳሷን የሚያገኛት መሬት ስትወርድ ነበር። አሰልጣኙ ደረሳ ክረምቱን ሙሉ ቴስታ ብቻ ሲያሠራው ከረመ። ያቺ የቆዳ ኳስ ደግሞ ዝናብ ከጠጣች የጨው ከረጢት ናት፤ አንስቼ አይቻታለሁ። ልጁ ማታ ማታ ራሱን በእናትሽ ሻሽ አስሮ ይተኛ ነበር። እኛ ጉንፋን ነው አልን።

ሲሬ ሄደው ሲጫወቱ በቴስታ ሁለት ጎል አገባ። ሲመለስ አስታወከው፤ የገዛ ቤቱን በር አልፎ ሄደ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ "አንጎሉ ተመትቷል፤ ከእንግዲህ ኳስ በራሱ እንዳይነካ" አለኝ። በቀጥታ ደረሳ ዘንድ ሄድኩ።

"ኦቦ ሽብሩ፣" አለኝ፣ "ቴስታ ካልመታ ምን ብዬ አሰልፈዋለሁ? ከቡድኑ ከወጣ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ለውትድርና ይሰጠዋል። እስካሁን የተወው ለቡድኑ ብሎ ነው። ማሎ፣ እባካችሁ አስቡበት።"

አሰብንበት። እናትሽ አለቀሰች። ከጦር ሜዳ የኳስ ሜዳ ይሻላል አልን። በላይም "ደህና ነኝ አባባ" አለኝ። ደህና እንዳልነበረ እያየሁ "ሂድ ተጫወት" አልኩት።

ከጉቴ ቡድን ጋር ሲጫወቱ ዘነበ። ከማዕዘን የተመታችውን ኳስ ዘሎ በግንባሩ መታት፤ ገባች። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሱ ጭቃው ላይ ተዘርሮ ቀረ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሻል ይኼ ነው።

አሁን ቤት ነው። ይበላል፣ ይስቃል። ሱቅ ሳስቀምጠው ሳሙና ለሚጠይቀው ሰው ክብሪት ይሰጣል። ሲመሽ "ጸሐይ ከትምህርት ቤት አልመጣችም?" ይላል። እናትሽ "መንገድ ላይ ናት" ትለዋለች። ሐኪሙ "ጊዜ ስጡት" ይላል፤ ዓይኔን ግን አያይም። እስቲ የሕክምና አስተማሪዎችሽን ጠይቂልኝ፤ እንዲህ ያለው ይድን እንደሆን።

ባለፈው ሳምንት ለውትድርና ወጣት ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ ራሱ ቤታችን ገባና ስሙን ጠየቀው። በላይ ዞሮ እኔን አየኝ። ስሙን እኔ እንድነግረው ጠበቀ። ሊቀመንበሩ "ይሄ አይሆንም፤ ይቅር" ብሎ ወጣ። እናትሽ ተከትላው ሄዳ እጁን ሳመች። እኔም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት። የለመንነውን አገኘን፣ ልጄ።

ትምህርትሽን አቋርጬ ልምጣ እንዳትዪ። በሰው አገር ክፉ አይይሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። ለበላይ ስትጽፊ ግን የት እንዳለሽ አትጥቀሺ።

አባትሽ ሽብሩ