ከነቤቱ

ውድ ሚዛን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ቃል ስለሚጀመር ነው ብለህ እንዳትጽናና። ቃሉ ሁለት ፍች አለው፤ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም የቋንቋ መምህራን ነን። አንዱ የሚወደድ ማለት ነው። ሌላው ዋጋው የማይቀመስ ማለት ነው። እዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ ያየሁት ሁሉ በሁለተኛው ፍች ውድ ነው፤ ሽንኩርቱም፣ ታክሲውም፣ የውሃ ጀሪካኑም። አንተን የሚያህል ውድ ነገር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የምጽፍልህ ስልክ ስለማታነሳ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬ ተውኩት። ደብዳቤ ግን የት እንደምልክልህ አይጠፋኝም፣ አድራሻው የራሴ ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ቤት ቁጥር አራት። በሩ ትንሽ ከፍ ካላደረጉት መሬት ይጎትታል። አሁን በዚያ በር የምትገባው አንተ ነህ፤ እስካሁን መላውን ሳትለምደው አትቀርም።

ሚዛን ብለን ስም ያወጣንልህ መምህራን ክፍል ውስጥ ነው። «እንዴት አደርክ» ሲሉህ እንኳ አስበህ፣ አመዛዝነህ ነበር «ደህና» የምትለው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋራን። የግራው መሳቢያ የእኔ፣ የቀኙ የአንተ። አንተ ፈተና በአረንጓዴ እስክሪብቶ ታርም ነበር፣ ቀይ ልጆችን ያስደነግጣል ብለህ። እኔም ይህን ደግነት ብዬ ያዝኩልህ። የዛሬ ሦስት ዓመት ወደ ትልቁ ከተማ ስትዛወር የቀኙን መሳቢያ ለማንም አልሰጠሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ቁልፉ ጠፍቷል እል ነበር።

ከዚያ ያቺ አጭር ደብዳቤህ መጣች። በቃሌ ይዣታለሁ። «እኛ ትምህርት ቤት የቋንቋ መምህር ቦታ ሊከፈት ነው። ደመወዙ ከነቤቱ አሥራ ስምንት ሺህ ነው። አታመንቺ፣ ነይ። እንደ ድሮው አንድ ጠረጴዛ ይበቃናል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን መዘንነው። እናቴን ታውቃታለህ፤ ሠላሳ ዓመት የዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ስትተይብ የኖረች፣ አንተ በመጣህ ቁጥር «ይሄ ልጅ ዛሬም መልስ እየፈለገ ነው?» እያለች የምታሾፍብህ። የድሮ ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሁለት ረድፍ አሰመርኩ፣ «እዚህ» እና «እዚያ»። ደመወዝ፣ እዚህ አሥራ አንድ፣ እዚያ አሥራ ስምንት። ምግብ እዚያ ይጨምራል፣ ትራንስፖርት ይጨምራል፣ የእናቴ መድኃኒት ያው ነው። የቤት ኪራይ ላይ ስደርስ እዚህም ዜሮ፣ እዚያም ዜሮ ጻፍኩ። እናቴ ጣቷን ሁለተኛው ዜሮ ላይ አሳረፈች።

«ይህቺ ‹ከነ› አላማረችኝም።»

«እማዬ ደግሞ። ከነቤቱ ማለት ደመወዝም አለ፣ ቤትም አለ ማለት ነው።»

«ወይም ቤቱ እዚያው ደመወዙ ውስጥ ነው ማለት ነው። እኔ ስንት ሰው ደብዳቤ አስተይቦኛል። በግልጽ መዋሸት የሚያፍር ሰው ‹ከነ› ይላል። ጠይቂው።»

«ሚዛንን? እሱ እኮ ሳይመዝን አይናገርም።»

«ሚዛን አይሰርቅም ያለሽ ማን ነው?» አለችኝና መነጽሯን አውልቃ ተነሳች።

አልጠየቅኩህም። ለምን እንዳልጠየቅኩህ ለእናቴም አልነገርኳትም፣ ለአንተ ግን እነግርሃለሁ፤ ከእንግዲህ የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። ያቺን ደብዳቤ ሳነብ ዓይኔ ደመወዙ ላይ አልቆመም፣ ቤቱም ላይ አልቆመም። «አንድ ጠረጴዛ ይበቃናል» የሚለው ላይ ነው የቆመው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ልታነበው እንደምትችል አንተ አታውቅም። ወድጄህ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወድጄህ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም፣ አንተ መዝነህ እስክትጨርስ እየጠበቅኩ።

ጨርቄን ማቄን ሳልል ተነሳሁ። ቁም ሣጥኔን ሸጥኩ፣ የመልቀቂያ ወረቀት ፈረምኩ፣ እናቴን «ለአንድ ወር ብቻ፣ ቤቱን እስክረከብ» ብዬ ወንድሜ ዘንድ አስቀመጥኳት። መናኸሪያ ስደርስ ትኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ ሁለት ሻንጣ ይዤ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ያለፈ ረጅም ሰው ሁሉ አንተን መሰለኝ። አንድ ሻንጣ ተሸካሚ በመጨረሻ አዝኖልኝ «እህቴ፣ የሚመጣ ቢሆን ይመጣ ነበር» አለኝ። እኔ ደግሞ ተቆጣሁት፣ የተናገረው ግን ልክ ነበር።

በማግስቱ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በፈገግታ ተቀበለኝ። «እንኳን ደህና መጡ። እርስዎን ባያመጣልን ኖሮ አንለቀውም ነበር። ምትክ ሳታመጣ መሄድ የለም ብለነው፣ ሰውዬው ግን ቃሉን አከበረ።»

«የትኛው ሰውዬ?» አልኩት።

«እርስዎ የተኩት ነዋ። ሰኞ ዕለት ሸኘነው።»

የቤቱን ቁልፍ ከማን እንደምረከብ ጠየቅኩት። «የምን ቤት?» አለና የደመወዝ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ አሳየኝ። «የቤት አበልዎ እዚሁ ውስጥ ነው። ከነቤቱ አሥራ ስምንት።» ምንም ክፋት ሳይኖርበት ነው ያለው። እዚህ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል፤ ጥበቃውም፣ ሒሳብ ሹሟም።

አሁን ከእንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል፣ ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፣ የልጆቹን ድርሰት የማርመው ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቄ ነው። ኪራይዋ የደመወዜን እኩሌታ ትወስዳለች። ሰባት ሺህ ይጨመርልኛል ብዬ መጥቼ ከድሮዬ ሁለት ሺህ ጎድሎብኛል፣ ታክሲውን ሳልቆጥር። እናቴን የማስተኛበት ቦታ የለኝም። አልጋዬ ከተዘረጋ በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም።

ወደ ድሮው ቦታዬ ልመለስ ብዬ ለድሮ ትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ሴትዮ ደወልኩላት። «ውይ እህቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ እኮ ነው። ሚዛን በቦታሽ ገባ። ቁልፉን ሰጠሁት። ግድግዳውን ክሬም እያስቀባ ነው» አለችኝ። ያን ግድግዳ ሰማያዊ ያስቀባሁት እኔ ነበርኩ።

እንዲህም ሆኖ፣ ብታምን፣ ሁለት ወር ሙሉ ለአንተ ጠበቃ ቆሜ ነበር። ከተማው አንቆት ይሆናል እላለሁ፤ አንቆሃልም፣ አሁን እኔም አውቀዋለሁ። ደብዳቤውን ሳያስብ ጽፎት ይሆናል እላለሁ። አፍሮ ይሆናል፣ ነገ ይደውላል እላለሁ። ቂል መሆን ሥራ ቢሆን ደህና ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ አሻሚ ዓረፍተ ነገር አስተማርኩ። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ደረቀብኝ፣ ቆሽቴም አርሮ ስለነበር ሰሌዳው ላይ የራሴን ጻፍኩ፤ «ደመወዙ ከነቤቱ ነው።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄን እኮ ተፈትነነዋል።»

«ማን ፈተናችሁ?»

«የድሮው ቲቸር። ባለፈው ሴሚስተር።»

መምህራን ክፍል ተመልሼ የቀኙን መሳቢያ ከፈትኩ። ጠረጴዛህን ነው የሰጡኝ፤ እንዳልከው አንድ ጠረጴዛ በቃን። የፈተናው እሽግ ከታች ነበር፣ በክር የታሰረ። ተራ ቁጥር ሰባት፤ «የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ፍች አለው። ሁለቱንም ጻፉ። ደመወዙ ከነቤቱ ነው። (3 ነጥብ)» ከላዩ ያንተ የመልስ ወረቀት፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ፤ «ሀ. ደመወዝም ቤትም ይሰጣል። ለ. የቤት ኪራዩ በደመወዙ ውስጥ ታስቧል።» ቀኑን አየሁ። ለእኔ ከጻፍክበት ሁለት ወር ይቀድማል። የልጆቹን ወረቀት አንድ በአንድ ገለጥኩ። አርባ ሁለት ልጅ ተፈትኗል፣ ሠላሳ ዘጠኙ ሦስት ከሦስት አግኝቷል። ዝቅ ያለ ውጤት ያላቸውን ሦስቱን ጠርቼ ሻይ ልጋብዛቸው አምሮኝ ነበር።

አልዋሸህም። ይህን ነው ለራስህ የምትነግረው አይደል? እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ቦታ ሊከፈት ነበር፣ የሚከፍተው አንተ መሆንህን ብቻ አልጻፍክም። ደመወዙ ከነቤቱ ነበር። ጠረጴዛው አንድ ነበር። መዝነህ መዝነህ፣ እኔ የቱን ፍች እንደማነብ አውቀህ፣ ያንን ነው የላክልኝ። ሌላ ሰው ቢያታልለኝ ኖሮ ተታለልኩ ብዬ አርፍ ነበር። አንተ ግን በማውቀው ሙያ፣ በማስተምረው ትምህርት፣ በመውደዴ አስልተህ ነው የጣልከኝ። ዐይንህን በጨው አጥበህ።

በጣም የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። «ከተማው አቃተኝ፣ መመለስ እፈልጋለሁ» ብትለኝ ኖሮ ቦታ እንፈልግልህ ነበር። ባይገኝም ና እልህ ነበር። እናቴ ታጉረመርምና ትቀበልህ ነበር። ቤቱን ከእኔ ለመውሰድ እኔን ከቤቱ ማውጣት አያስፈልግህም ነበር።

እናቴ አሁን ወንድሜ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የምትተኛው። የወንድሜ ሚስት ክፉ አይደለችም፣ ግን ልጆቹ ቴሌቪዥን እስኪጨርሱ እናቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታንጎላጃለች። አንድ ወር ያልኳት ሦስተኛው ወር ገባ። ረቡዕ ዕለት ሁሉንም ነገርኳት፣ ፈተናውንም አነበብኩላት። ነግሬሽ ነበር አላለችኝም። እንደ ድሮው በጸሐፊ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ልጁ ቤቱ የተሰጠበትን ቃለ ጉባኤ አንብቧል?»

«የቱን?»

«ጡረታ ስወጣ የተያዘውን። እኔው ራሴ የተየብኩትን።» በቃሏ አወጣችው፤ «‹ቤት ቁጥር አራት ለቋንቋ መምህር የተሰጠ ሲሆን፣ የሚሰጠውም ከነነዋሪዋ ነው። ጡረተኛዋ ጸሐፊ በሕይወት እስካሉ ድረስ የቀኙን ክፍል ይይዛሉ።› ከነነዋሪዋ። ያቺን ቃል ርዕሰ መምህሩ ሊያወጣት ነበር፣ እኔ ነኝ ትቆይ ያልኩት። ልሂድለት።»

የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ፋይሉን አግኝታዋለች። ማኅተሙም ፊርማውም አለበት። እኔ ለቅቄያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ እናቴ ግን አልፈረመችም፣ ለእንግድነት ነው የሄደችው። ቁልፏም ከእጇ አልወጣም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። የቀኙን ክፍል አጽዳ፤ እሷ ክሬም ቀለም አትወድም፣ ሰማያዊውን መልስላት። የጽሕፈት መኪናዋን ይዛ ነው የምትመጣው፣ ከባድ ስለሆነ አንተ ትሸከመዋለህ። ጠዋት ጋዜጣ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ስህተት ስታገኝ የሚሰማት ሰው ትፈልጋለች። የደም ግፊት ኪኒኗን ከቁርስ በፊት አስታውሳት። «ከነ» ካልክ ደግሞ «ምን ከምን ጋር?» ትልሃለች፣ መልስ እስክትሰጣት ድረስ አትለቅህም። እኔን መናኸሪያ አልተቀበልከኝም፣ እሷን ተቀበል። ትኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ ትቆማለች። እሷ ሁለት ሰዓት አትጠብቅም።

እኔ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ እዚሁ ነኝ። ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም። የዝውውር ፎርም ሲመጣ እሞላለሁ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ አንድ ፍች ብቻ ያለው ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። የፈተናውን እሽግ ለማንም አላሳየሁም። አልጣልኩትምም።

ደህና ሁን የምልህ አይምሰልህ፤ ደህና መሆንህን ከእንግዲህ እናቴ ትከታተለዋለች። ቤቱን ወስደሃል፣ ይሁን። የወሰድከው ግን ከነእናቴ ነው።

ጠረጴዛህን የወረሰችው