የዩሱፍ ነጥብ፣ የማርታ ስለት

ሐምሌ 9፣ ጠዋት

ነጥቧ ተንቀሳቅሳለች። ማዳም ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅና አሳየችኝ፤ እጄ አረፋ በአረፋ። ሰማያዊ መስመር፣ ላዩ ላይ ቀይ ነጥብ። ልጇ ዩሱፍ ነው። ካናዳ ሊማር ሄዶ፣ አሁን በሰሜኑ ጫካ ብቻውን በታንኳ ወንዝ ይወርዳል። ሰው የለም፣ መንገድ የለም፣ ድብ አለ። የሱ ማታ የኛ ጠዋት ስለሆነ ነጥቧ ሳትመጣ ቁርስ አይቀርብም።

ማስታወሻዬ፣ እስቲ ፍረጂኝ። ብቸኝነት ከፈለገ ከኔ ቢወስድ ሞልቶኝ የለ?

ሐምሌ 12

ሙቀት። በዚህ በዓረብ አገር የፊንጣስ ባሕር እንኳ ትኩስ ነው፣ ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። እግሬ አብጧል። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ልጄ ማርታ ስልኩን ነጠቀቻት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ አራቱን አላየሁም። እህቴን «እማ» ትላታለች፣ እኔን በስሜ። ለፍልሰታ መጥቼ እጅሽን ይዤ አስቆርብሻለሁ ብያታለሁ። አምናም ብያት ነበር። ዘንድሮ ትመጫለሽ ወይ አላለችም፤ ቲኬት አለሽ ወይ ነው ያለችው።

አለኝ። ሐምሌ 30። ኢጃዛዬ፣ ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ዕረፍቴ። ነጭ ቀሚስ ገዝቼላታለሁ፣ ቁመቷን በግምት።

ሐምሌ 16

ነጥቧ ቆማለች። ማ. (ማዳም ብሎ መጻፍ ደከመኝ) ምንም አልበላችም። ተኝቶ ይሆናል አልኳት።

ሐምሌ 17

ዛሬም ቆማለች። ሳሎኑን ሁለቴ ወለወልኩ፣ ማ. እየተንጎራደደች ታቆሽሸዋለች። ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ። «ዩሱፍ ሳይመጣ ኢጃዛ የለም። ሐላስ፣ አለቀ!» አለች። ቲኬቱን ሰረዘችው። እዚያው ፊቴ፣ በጣቷ።

ተናደድኩ። ድብ ይብላው አልኩ በሆዴ፣ ወዲያው ደግሞ አማተብኩ። ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ በርበሬ የከተትኩለት እኔ አይደለሁም? አባቴ ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዝፍ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳዪኝ ብሎ ወለሉ ላይ ያስቀመጠኝ እሱ አይደለም? ቀን እስኪያልፍ ያለፋል። የኔው ቀን ግን አላልፍ አለ።

ሐምሌ 18፣ ምሽት

ማ. ወጥ ቤት ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አይቻት አላውቅም እንዲህ ስትቀመጥ። ነገ ገብርኤል መሆኑን ነግሬያት ነበር፤ ያንን ይዛ መጣች። ጂብሪል የኛም ነው፣ እናንተ ስለት ትሳላላችሁ አይደል፣ ለልጄ ተሳይልኝ፣ የምትዪውን እገዛለሁ አለችኝ። እሺ አልኩ። እንዴት እምቢ ይባላል?

ክፍሌ ገብቼ ተንበረከኩ። ዩሱፍን አውጣው ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፦ ገብርኤል ሆይ፣ ለፍልሰታ ማርታ ጋ አድርሰኝ፤ ጥላህን ይዤ በታንኳ ጣናን ተሻግሬ ደጅህ እመጣለሁ። የዩሱፍን ስም አሁን እጨምራለሁ ስል እንቅልፍ ጣለኝ።

ሐምሌ 19፣ ጠዋት

ተንቀሳቀሰች! ነፋስ አግዶት ደሴት ላይ ተቀምጦ ነው፤ ነጥቧን የሚልከው መሣሪያ ውሃ ገብቶበት ነበር። ማ. እያለቀሰች ግንባሬን ሳመችኝ፣ ጂብሪል ጂብሪል እያለች። እኔም አለቀስኩ። ለካ ፈርቼለት ኖሯል። ልጅ እኮ ነው።

ሐምሌ 24

ስለቱ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው ብያት፣ ማ. ሐዋሊ ሰፈር ልብስ ሰፊ ዘንድ አሠራችው። ቀይ ከፋይ፣ ወርቅማ ዘርፍ። ያምራል። «ዩሱፍ ነሐሴ 10 ይገባል፤ ምግቡን ካንቺ በቀር ማን ያውቃል፤ ጥላውን አገርሽ ለሚሄድ ሰው ስጪው» አለች። ማርታ ትናንት ደውላ ነበር፤ አላነሳሁም። ምን ልበላት?

ሐምሌ 25፣ ማለዳ

አንድ ቃል ይበቃኛል፤ አውቃለሁ። ስለት በሰው እጅ ከተላከ ጦሱ በልጅሽ ይደርሳል ብላት ዛሬውኑ አውሮፕላን ማረፊያ ታደርሰኛለች። ዩሱፍ ገና ውሃ ላይ ነው፤ ማ. ጥላውን ለመንካት እንኳ ትፈራለች። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እናትን በልጇ አላስፈራራም። እኔ በማርታ ቢያስፈራሩኝ እንዴት እሆን ነበር?

እውነቱን እነግራታለሁ። የተሳልኩት ላንቺ ልጅ አይደለም፣ ለኔ ልጅ ነው እላታለሁ። አንቺ ጥላውን ሰጠሽ፤ እኔ ማድረሱ ቀረኝ፤ ሐምሌ 30 ላኪኝ። ትቆጣ ይሆናል። ጨርሰሽ ውጪ ትል ይሆናል። ግን ወስኛለሁ፤ ቁርስ ሳላቀርብ እነግራታለሁ።

ነጥቧ መጣች መሰለኝ፤ ማ. ስሜን እየጠራች ነው። ጥላውን ይዤ እገባለሁ። ቀሚሱንም፤ የማርታን ቁመት ማ. ትየው።