እማዬ ስታወራ የሞላው ባሕር

ለውድ ወንድሜ ለዣን-ኖኤል፤

እንደምን ከርመሃል? ዊልማስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ካልሲህን የምታጠልቅልህ ዊልማ ናት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ነፋሱ ብቻ ዘንድሮ ከፍቶ የዶሮ ቤቱን ክዳን ገንጥሎ ጎረቤት ጓሮ ጥሎት ነበር፤ እሱንም ባለቤቴ ሲሪል አምጥቶ መልሶ መትቶታል። ናፍቆቱ በወረቀት አያልቅምና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እማዬን አሳምኚልኝ፣ አውስትራልያ መጥታ እኔ ዘንድ ትኑር፣ በሰባ ዓመቷ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሞ መዋል ይብቃት ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እኔም እሺ አልኩህ፤ ከልቤ ነው ያልኩህ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዛ ስትነሳ የማያት እኔ ነኝ። ኦክቶፐስ ማጥመድ በሚከለከልባቸው በእነዚህ ሁለት ወራት የምታጠምድበትን ጦሯን ሰቅላ ቁጭ ስትል ሆዷ ይባባል፣ ያኔ ነገሩን አነሳባታለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

እሷ መች ቁጭ አለች! የደሴቲቱ ምክር ቤት ለአጥማጅ ሴቶች የክልከላው ወራት ሥራ ሲያድል፣ ሌሎቹ ችግኝ መትከልና የባሕር ዳር ቆሻሻ መልቀም ሲመርጡ፣ እማዬ እጇን አውጥታ "እኔ እንግዳ አስጎበኛለሁ" አለች። ሴቶቹ ሳቁባት። "እማማ ክሌሪስ፣ በየትኛው ፈረንሳይኛዎ?" ቢሏት፣ "በምላሴ ካልገባቸው በእጄ አስረዳቸዋለሁ፤ እናንተን ባሕር ያስተማርኳችሁ በፈረንሳይኛ ነው እንዴ?" ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

ፈቃዱ ግን ፈተና አለው። ፈታኙ ሙሴ ግራንኩር የሚባል፣ ጫማው አቧራ ነክቶት የማያውቅ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ የማያነሳ ሰው ነው። ባሕሩ ሲጎድል ስድስት እንግዶችንና እሱን ይዛ በእግር ፊት ለፊት ወዳለችው ትንሽ አሸዋማ ደሴት መሻገር፣ እዚያ የአገሩን ታሪክ መንገር፣ ከዚያ በደህና መመለስ አለባት። እኔ የቀይ አደንጓሬውን ምሳና የፓፓያውን ኬክ ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ፈተናውን ብትወድቅ ላንተ የገባሁት ቃል ይቀልልኛል ብዬ በሆዴ ተመኝቼ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ወንድሜ፣ ያን ቀን ያየኋትን እማዬን ከዚያ በፊት አላውቃትም ነበር። እኔና አንተ በልጅነታችን እንቅልፍ እየጣለን የሰማነውን ወሬ፣ እነዚያ ሰዎች አሸዋ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ኤሊዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ መሬት ሳይረግጡ በጀርባቸው ላይ መቶ እርምጃ ይኬድ እንደነበር ነገረቻቸው። መርከበኞች በሺህ እየጫኑ እንደጨረሷቸውም ነገረቻቸው። ድሮ ስለጠፋው፣ መብረር ስለማይችለው ትልቅ ወፍ ስታወራማ ተነስታ አሳየቻቸው፤ በዚያ ጉልበቷ ክንፍ እያማታች፣ እየተሽከረከረች፣ አንዲቷን እንቁላሉን እንዴት እንደሚጠብቅ። በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሰደው መጥተው፣ ሁሉ ሞልቶላቸው ሚስት የሚሆን ስለጠፋ ብቻ በገዛ እጃቸው በሠሩት ጀልባ ስለሄዱት ፈረንሳዮች ስትነግራቸው ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኛ መጣች፤ በባርነት ተግዘው ስለመጡት አያቶቻችን፣ ነጻ ሲወጡ ባሕር ዳሩን ለጌቶቹ ትተው ተራራ ወጥተው በቆሎ ስለዘሩት። እዚህ ላይ ድምጿ ዝቅ አለ። ሙሴ ግራንኩር እንኳ መጻፉን ትቶ ነበር። እኔ ራሴ አለቀስኩ፤ ኮራሁባት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ለካ እውነት ነው። እማዬን በአርባ ዓመት ውስጥ ባሕር ቀድሟት አያውቅም፤ ግን ታውቃለህ፣ ሰዓት የላትም። የባሕሩን መመለስ የምታውቀው ስታጠምድ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በሚሰማት ውሃ ነው። ያን ቀን ደረቅ አሸዋ ላይ ሆና ነበር የምታወራው። ቀና ስትል የመጣንበት መንገድ ተሸፍኗል። "እንደርሳለን፣ ተነሱ" አለች። ያሰላችው በራሷ እግር ነዋ! እንግዶቹ እያንዳንዱን ድንጋይ እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው ነው የሚረግጡት። የመንገዱ አጋማሽ ላይ ውሃው ወገባችን ደረሰ፤ አንዷ ሴትዮ ማልቀስ ጀመረች።

እማዬ አልደነገጠችም። እጅ ለእጅ አያያዘችንና ከፊት ሆና ድንጋዩን በዱላዋ እየዳበሰች መዝሙር አነሳች፤ በመዝሙሯ ልክ ተራመድን። ሙሴ ግራንኩርን መሀል አስገብታ "ልጄ፣ እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጥ" ስትለው "እሺ እማማ" አለ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ወረቀቱን በአንድ እጁ ራሱ ላይ ደግፎ። ከአንድ ጫማው በቀር ምንም ሳይጠፋ ወጣን። ዳር ስንደርስ እሱ አፉን ሳይከፍት እማዬ ቀድማው "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጻፈው" አለችው።

ቤት ገብታ ምግብ አልቀመሰችም። ጊዜው አሁን ነው ብዬ "ይኸው፣ ባሕሩ ራሱ በቃሽ አለሽ፤ ልጅሽ ዘንድ ሂጂ" አልኳት። የረጠበ ቀሚሷን ጨምቃ ሰቀለች። ከዚያ "ኤሊዎቹን ሲጭኗቸው ማን ጠየቃቸው? አንድስ የተመለሰ አለ?" አለችኝ። እሱ እኮ ስለሚወድሽ ነው ብላት፣ "አውቃለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን እዚያ የዣን-ኖኤል እናት ነኝ። እዚህ ክሌሪስ ነኝ" አለች። 

ሐሙስ ዕለት ወረቀቱ መጣ። ለታሪክ ሙሉ ነጥብ፣ ለሰዓት አክባሪነት ዜሮ። ፈቃዱ ተሰጥቷታል፤ ሰዓት ያሰረ ሰው አብሯት ካልሄደ ግን ባሕር እንዳትገባ ይላል። ሰዓቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ ወንድሜ። ቃሌን አጠፍኩብህ፤ አትቀየመኝ። እሷ አትመጣም፤ እኔም ሁለተኛ አልጠይቃትም።

ዊልማን እጅግ አድርገህ ሳምልኝ። ኢዛክን ጢም አወጣህ ወይ በልልኝ፤ ትንሿን ናዲንን ጉንጯን ነክሰህ ሳምልኝ። ሲሪል ሰላም ብሎሃል፤ ልጄ ሊቪያም አጎቴን ሰላም በይልኝ ትላለች። እማዬ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ጨምሪበት ብላኛለች፦ "ባሕሩ ይሄዳል፣ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል። አንተ ከሄድክ ዘጠኝ ዓመት ሆነህ። ና፤ እግርህ መንገዱን ረስቶት ከሆነ፣ ላንተ ስል ባሕሩ ሳይመለስ ቀድሜ እነሳለሁ።"

እህትህ ሎሬንዛ
ግራቪዬ፣ ሮድሪግ ደሴት
ሴፕቴምበር 21 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.