ከዝርዝሩ የተፋቁት ነጥቦች

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ደብተሩን ወሰደችው። በእጄ ነው የሰጠኋት፣ አልነጠቀችኝም። ቢሆንም ወሰደችው ነው የምለው።

ሠላሳ ዓመት የሰፈራችንን እድር ጥሩምባ የነፋሁት እኔ ነኝ። ማን የት እንደሚኖር፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የማን ቤት ከማን ቤት ቀጥሎ እንደሆነ በዚያ ደብተር ውስጥ አለ። እኔ እየነገርኳት ስሞቹን የጻፈችው ባለቤቴ አስካለ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ የገቡትን አባላት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ ግን ይነበባል። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

አሁን ኮሚቴው እድሩ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ይኑረው ብሏል። ሰው ሲሞት ጸሐፊው እዚያ ይመዘግባል፣ ለአባላቱ ሁሉ በስልካቸው መልእክት ይደርሳል። ሥራውን በነጻ የምትሠራው ሰብለ ናት፣ የጸሐፊያችን የአቶ ከፍያለው ልጅ። ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ቤቷ ቁጭ ብላ በኮምፒውተር ለድርጅት የምትሠራ ሴት ናት። ከኔ ሦስት በር ወደ ላይ ነው ቤቷ።

ደብተሬ ሌላ ሰው ቤት ሲያድር ይኸ የመጀመሪያው ነው። ይህን የምጽፈው አስካለ ጀምራ በተወችው ደብተር ላይ ነው። ብዙ ባዶ ገጽ አለው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሳልጠራ ሄድኩ። መቶ አርባውንም አባወራ ገልብጣ ጨርሳለች።

አንብቢልኝ አልኳት። የመጀመሪያው ሀብታሙ ነው አለች። ሀብታሙ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው የሚኖረው፤ በኔ ደብተር የመጨረሻው ሰው ነው። ለምን ቀደመ ብላት ኮምፒውተሩ የሚደረድረው በሀ ሁ ነው አለች። የኔ ደብተር የተደረደረው በእግር ነው አልኳት። ከድልድዩ እነሳለሁ፣ በወፍጮ ቤቱ እዞራለሁ፣ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር እጨርሳለሁ። በሀ ሁ ብሄድ አንዱን ዳገት ስድስት ጊዜ ልወጣው ነው።

ሳቀች። ሳቋ ግን የንቀት አይደለም። የእግሩንም ተራ በቁጥር አስገባዋለሁ፣ አንድ ሰው ሁለት ዓይነት ተራ ሊኖረው ይችላል አለች። እሺ አልኳት።

ቀጥላ ጠየቀችኝ። "ጋሼ፣ ከስሞቹ አጠገብ ያሉት ነጥቦች ምንድን ናቸው? ጭረትና ክብም አለ።"

እዚህ ላይ ዋሸሁ። እስክርቢቶው ሲያፈስ ነው አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ልጻፈው፣ እዚህ የሚያይብኝ የለም። ምልክቶቹን ያደረግኩት መጻፍ ስለሚያስቸግረኝ ነው። "ልቧ ደካማ ነው፣ በቀስታ ይነገራት" ብዬ ልጽፍ ብቀመጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ለነጥብ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። አስካለ ስትጠይቀኝ እንኳ የኔ ጉዳይ ነው ነበር ያልኳት። ለአስካለ ያልነገርኩትን ለከፍያለው ልጅ ልነግር ነው?

ትርጉማቸው ይኸ ነው፦

ጭረት፦ ጆሮው አይሰማም። ጥሩምባ አይጠቅምም፣ በሩ ይንኳኳ።
ክብ፦ ውሻ አለ።
ነጥብ፦ ከዚያ ቤት ፊት ጥሩምባ አይነፋም። ገብቼ፣ ተቀምጬ፣ ውሃ ጠይቄ ጠጥቼ፣ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።

ነጥብ ያላቸው አሥራ አንድ ናቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬ ጽዳት ነበር። ጽዳት የምትለው እሷ ናት። የገለበጠችው እንዳለ በአንድ በኩል ይቀመጣል፣ አይነካም፤ የሚጸዳው ሌላ ቅጂ ነው። ወይዘሮ የሚለው በሦስት ዓይነት ተጽፏል፣ አንድ አደረገችው። በስሞቹ መካከል የተረፈውን ባዶ ቦታ አጠበበች። ከፊቱ ዜሮ ለጎደለው ስልክ ዜሮ ጨመረች። እስከዚህ ድረስ ሥራዋን ወድጄዋለሁ።

ከዚያ አንድ መስመር ጻፈች። ከፊደልና ከቁጥር በቀር ያለውን ሁሉ አውጣ ማለት ነው አለችኝ። ነካችው። ነጥብ የለ፣ ጭረት የለ፣ ክብ የለ። ዓይን እስኪጨፈን አልፈጀም።

"አሁን ንጹሕ ሆነ" አለች።

አርባ ዓመት ጳውሎስ አጠገብ ጎሚስታ ነበርኩ። የተቀደደ ጎማ ከመለጠፉ በፊት ይፋቃል፤ ካልተፋቀ ማጣበቂያው አይይዝም። ብዙ ከፋቁት ደግሞ ይሳሳና ሌላ ቀዳዳ ይወጣዋል። የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቀው እጅ ነው። ይህን ልነግራት ነበር። እስክርቢቶ ነው ብዬ ዋሽቼ ምን ብዬ ልጀምረው? 

አንድ ነገር ግን አግኝቼባታለሁ። የእግሩን ተራ አስገብታ ደርድረው አለችው፣ ሉሁን አሳየችኝ። መነጽሬን አድርጌ ቁጥሩን ብቻ አየሁ። አንድ፣ አሥር፣ መቶ፣ መቶ አንድ። ሁለት የት ሄደ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ መልሳ ሉሁን አየች። ሁለት ከታች፣ ከመቶዎቹ ሁሉ በኋላ ተቀምጧል። በዚህ የሚሄድ ሰው ከድልድዩ ተነስቶ ዳገቱ ጫፍ ደርሶ እንደገና ወደ ድልድዩ ይወርዳል።

ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ እያነበበው ነው አለች፤ መጀመሪያ ያለውን አሃዝ እያየ ነው የሚያስቀድመው። ቁጥር መሆኑን ነገረችው፣ ተስተካከለ። "እኔም አባቴም አይተነው አላስተዋልንም" አለች።

እኔ አስተዋልኩ። ይጻፍ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሰብለና ከፍያለው የሙከራ መልእክት ላኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ሙከራ ነው፣ ማንም አልሞተም ይላል። ፊደል በፊደል አነበብኩት። በዚያው ደቂቃ የከፍያለውም ጮኸ፣ የሰብለም ጮኸ።

ከፍያለው ደስ ብሎታል። "እንግዲህ ጋሽ ወልዴ፣ ጥሩምባዋን ዶሮ ማባረሪያ አድርጋት" አለኝ።

"ባትሪ አያልቅባትም" አልኩት።

ቤት ገብቼ አሰብኩበት። ሦስት ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ለመቶ አርባም እንዲሁ ሊጮህ ነው። ስልክ ሰው አይመርጥም፣ ውሃ ጠይቆ አይቀመጥም። ነጥብ ያላት እትዬ ዘነበችም ስልክ አላት።

ነገ እነግራታለሁ ብያለሁ። ትናንትም ብዬ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

መሽቷል። ቢሆንም ልጻፈው።

እትዬ ዘነበች ከወፍጮ ቤቱ በስተጀርባ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ልቧን ታማለች፣ መድኃኒት ከእጇ አይለይም። ያላት አንድ ወንድም ነው፤ ሸጎሌ በግ ይነግዳል። ይነግድ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ሳይታሰብ ሞተ። ቤተሰቡ ለእሷ ከመንገር ይልቅ ሰው ልከው ለእድራችን ጸሐፊ ነገሩት። ልክ ናቸው። መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው፣ የሚናገሩትም ሽማግሌዎች ናቸው። ሴትዮዋ ሌሊቱን ብቻዋን ከሐዘኗ ጋር እንዳታድር ነው።

ከፍያለው ዜናውን ሲሰማ ቶሎ ብሎ ገጹ ላይ መዘገበው። አሥር ሰዓት ላይ መንገድ ላይ አግኝቶ ነገረኝ፣ ኮርቶ። መልእክቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ ይሄዳል፣ ለሁሉም አባላት አለኝ።

"ለሁሉም ነው ያልከው?" አልኩት።

"ለሁሉም።"

"ዘነበች አባል አይደለችም?"

ፊቱ ተለወጠ። ለሁሉም ሲል እሷም ከሁሉም ውስጥ እንዳለች ልብ አላለም። አውጣው አልኩት። እኔ ማስገባት እንጂ ማውጣት አላሳየችኝም አለ።

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ሩጫ ከተባለ።

ሰብለ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ስክሪኑ ውስጥ ካሉ ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ናት። ጣቷን አነሳችልኝ፣ ትንሽ ይጠብቁ ማለቷ ነው። ጠበቅኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አይጠብቅም። ሲበቃኝ ሄጄ ከፊቷ ቆምኩ። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አዩኝ። ማዳመጫዋን አወለቀች።

የዘነበችን ስልክ ከዝርዝሩ አውጪልኝ አልኳት፣ ወንድሟ ሞቶ ነው። ወዲያው ገባት፣ ደነገጠች። መልእክቱን አቆመችው። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ ላበቃ እችል ነበር።

እሷ ግን ጠየቀችኝ። "ጋሼ፣ እንደ እሳቸው ያለ ሌላ ሰውም አለ?"

"አለ።"

"እንዴት ነው የማውቃቸው?"

ወለሉን አየሁ። የምስክር ወረቀቴን አሰብኩ። ከዚያ አልኳት፦ "ነጥቦቹ። እስክርቢቶ አይደለም። እኔ ነኝ ያደረግኳቸው፣ መጻፍ ስለሚከብደኝ።"

 ያልተነካውን ቅጂ ከፈተች። ነጥቦቹ ሁሉ እንዳሉ አሉ። ጭረቱም፣ ክቡም። የእያንዳንዱን ትርጉም አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ስለ ውሻው ስነግራት ብቻ ፈገግ አለች። እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችኝ፣ ሳልጠይቅ ማጥፋት አልነበረብኝም ብላ። ጠይቀሽ ነበር አልኳት። እውነቱን መናገር ካልቀረ።

እንዲህ አደረግን። ለምልክቱ ለብቻው ቦታ ተሰጠው። ነጥብ ያለው ሰው መልእክት አይደርሰውም፤ ስሙ በእግር ተራ ተደርድሮ ለኔ ስልክ ይመጣል። ሐዘኑ የራሱ የሆነ ሰው ነጥብ ካለው ደግሞ ነግሬያለሁ እስክል ድረስ የሁሉም መልእክት ቆሞ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ይጠብቅሃል አለችኝ፤ ተሳስታ ነው አንተ ያለችኝ፣ ቶሎ አረመችው። አልተቆጣሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሊነጋጋ ሲል ሄድን። እኔ፣ ከፍያለውና የዘነበች የነፍስ አባት። መድኃኒቷን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤት ሴቶችም ከኋላ ተከተሉ።

በሩን አንኳኳሁ። ማነው አለች። ወልዴ ነኝ አልኳት። ከፈተች፣ አየችኝ፣ ከዚያ እጄን አየች። ሳልናገር ተቀመጠች።

"ጥሩምባህን ሳትይዝ ስትመጣ አወቅኩት" አለች። "ወንድሜ ነው?"

"እሱ ነው።"

አለቀሰች። ሴቶቹ ያዟት። መድኃኒቷን ሰጧት። ትንፋሿ አንድ ሁለቴ ተቆራረጠ፣ ቄሱ እጇን ይዘው ተቀመጡ፣ ቆይቶ ተመለሰላት። ስልኳ ትራሷ አጠገብ ነበር። አየሁት። ዝም ብሏል።

ወጥቼ ሰብለን ደወልኩላት። ልቀቂው አልኳት። ወዲያው በየቤቱ ስልክ ሲጮህ በአጥር በኩል ተሰማኝ። እኔም ወደ ቀሪዎቹ አሥር ቤቶች ሄድኩ። በእግር ተራ። በየቤቱ ውሃ ጠጥቼ ሆዴ ተነፋ።

የለቅሶው ድንኳን በጊዜ ተተከለ። ማንም አልቀረም።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ናት። እንጦጦ ማርያም ደርሼ ስመለስ ሰብለ በሯ ላይ ቆማ ጠራችኝ። ዝርዝሩን ለመጨረሻ ጊዜ እናመሳክር አለች። ጭረቱ ልክ ነው፣ ክቡ ልክ ነው። አንዱ ውሻ ሞቷል፣ አወጣነው።

"ነጥቡን ግን አሥራ አንድ ነው ያሉኝ" አለች። "እኔ ስቆጥር አሥራ ሁለት ነው።"

"አሥራ ሁለተኛው የማን ነው?" አልኳት። እያወቅኩ ነው የጠየቅኳት።

"የእርስዎ።"

አስካለ ያረፈች ዕለት የተነገረኝ በስልክ ነው። ማን እንደደወለ አልጽፍም፣ ክፋት አልነበረበትም። መንገድ ላይ ነበርኩ። ግንብ ተደግፌ ቆየሁ፣ ሰው ሁሉ እያለፈኝ። ከቀብሯ መልስ ደብተሩን ገልጬ ከስሜ አጠገብ ነጥብ አደረግኩ። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ነጥቡን ማንበብ የሚችለው እኔ ብቻ፣ ስሙም የኔ።

"እሱ እንኳ እውነትም እስክርቢቶ ሲያፈስ ነው" አልኳት።

አልሳቀችብኝም፣ አልተከራከረችኝም። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አንድ ነገር ነካች።

"ምን አደረግሽ?"

"ምንም፣ ጋሼ።"

መነጽሬን ቤት ትቼው ነበር። ደብተሩን መለሰችልኝ። እቤት ገብቼ ገለጥኩት፤ ነጥቡ ባለበት አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ይኑር አይኑር አልጠየቅኩም።