ረጅሙ ብልጭታ

ውድ ኤልስፔት፣

የሞራግ ዓይን እንዴት ሆነ ብለሽ ጠይቀሻል። ከዚህ እስከ ኒውዚላንድ በስልክ መጮህ ስለማልወድ በጽሑፍ ልመልስልሽ። ታያለች። እንዴት እንዳረጋገጥኩም እነግርሻለሁ፤ ካንቺ በቀር የሚገባው ሰው የለም።

በጦርነቱ ጊዜ ሁለታችሁ በባሕር ኃይሉ የምልክት ማማ ላይ ሆናችሁ፣ ክላይድ ወሽመጥ ላይ መልሕቅ ከጣሉት መርከቦች ጋር በመብራት ስትነጋገሩ፣ እኔ ከሥር ከሰል እጭን ነበር። ሥርዓታችሁን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ተቀባይ አንድ ቃል በገባው ቁጥር አንድ ረጅም ብልጭታ ይመልሳል፤ ካልገባው ዝም ይላል፤ ላኪው ይደግማል። ሞራግ አንድን የጦር መርከብ ያንኑ ቃል ደጋግማ ስታስልከው፣ "አዛዡ ይቆጣል እኮ!" ብትያት፣ "ይቆጣ፤ ግን አጥርቶ ይላክ!" ነበር ያለችሽ።

እኔና ሞራግ ስንጋባ፣ ያገባች ሴት አናሠራም ብለው መብራቱን ከእጇ ወሰዱባት። እስከ ጡረታዋ ድረስ በስልክ ቤት የሰው መስመር ስታገናኝ ኖረች። ሲመሻሽ ግን በወጥ ቤታችን መስኮት የመርከቦቹን መብራት ታነብልኝ ነበር። "ይሄኛው ድንች አለቀብኝ ይላል። ያኛው ደግሞ ቂል ነው።" የዓይን ሞራ ሲጋርዳት መጋረጃውን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አልመስል አለኝ።

ሐኪሙ ሞራውን ገፎ ሲሸኛት "አያለሁ" አለች። አላመንኳትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ከስኒው ውጭ እየቀዳች "አያለሁ" ስትል የኖረች ሴት ናት።

ስለዚህ በአጭርና በረጅም ብልጭታ የሚጻፈውን የምልክቱን ፊደል ከመጽሐፍ ተማርኩ፤ ማንንም አልጠየቅኩም። እሑድ ሲመሻሽ የእጅ ባትሪ ሰጥቻት መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳትና ሌላውን ባትሪ ይዤ ተነሣሁ።

"በዚህ ብርድ? አንተ ግትር ሽማግሌ!"

"ዝም ብለሽ ተመልከች" ብያት ከወደቡ ማዶ ወዳለው የማዕበል መከላከያ ግንብ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ቃል ላክሁ። መስኮቱ ጨለማ ነው። ደገምኩ። አሁንም ጨለማ። ዓሣ አጥማጁ ፈርገስ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ "ዱጋልድ፣ ለማን ነው የምታበራው? ለዓሣው?" አለኝ። ቀስ ብዬ፣ አጭሩን አጭር፣ ረጅሙን ረጅም አድርጌ እንደገና ላክሁ።

አንድ ረጅም ብልጭታ።

የቀረውንም ላክሁ። ለእያንዳንዱ ቃል ብልጭታዋ መጣ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤት ስገባ፣ "ምነው ዝም አልሽ? ልቤ ሊቆም ነበር!" አልኳት።

"ከመጀመሪያው አይቼዋለሁ" አለች፣ ሻዩን ልክ ስኒው ውስጥ እየቀዳች። "መጀመሪያ የላክኸው ግን ዝብርቅርቅ እንጂ ቃል አልነበረም። ባሌ ነህ ብዬ ስህተትህን እንዳልፍልህ ነው?"

የላክሁት "መጋረጃውን ክፍት ተዪው" የሚል ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

በበጋ መጥተሽ በጀልባው ወደኛ ስትሻገሪ ባትሪ ይዘሽ ቁሚ። መስኮቱ ላይ ሆና ትጠብቅሻለች። ከአሁኑ ተለማመጂ፤ የአንቺንም ስህተት አታልፍልሽም።

ዱጋልድ