ለገንዘብ ሙዚየሙ ሥራ አስኪያጅ፤ ስለ እናቴ የወተት ቆርቆሮ

ለተከበሩ የገንዘብና የቁጠባ ሙዚየም ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ እኛን ስለ ገንዘብ ለማስተማር ለሚደክሙት ድካም ያለኝን አክብሮት በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ በሁለተኛው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል፣ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ባለቤት ልጅ ነኝ። እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ባለሙያዎችዎ ቤታችን ድረስ መጥተው ሲጠይቋት ቆርቆሮውን ዐይኗን ሳታሽ ሰጥታለች። ላገኘነው ክብር እያመሰገንኩ ቅሬታዬን አቀርባለሁ።

፩. ከቆርቆሮው ሥር «ከግንዛቤ ማነስ የመጣ ኋላ ቀር የቁጠባ ዘዴ» ተብሎ ተጽፏል። ስለ ትምህርቱ እግዜር ይስጥልን። እናቴ ክዳኑን ያስበየደችው ሲቸግራት እጇን እንዳትሰድ ራሷን ፈርታ ነው። ባንክ ቤትማ ሄዳ ነበር፤ ሂሳብ ለመክፈት የተጠየቀችው ገንዘብ ከወር ገቢዋ ስለበለጠ እጅ ነስታ ተመለሰች።

፪. የተቀደደውን ክዳን ደግሞ «በአያያዝ ጉድለት የተጎዳ» ብላችሁታል። የጎዳሁት እኔ ነኝ። የነርሶች ትምህርት ቤት የተቀበለኝ ዕለት እናቴ የቆርቆሮ መቀስ አቀብላኝ፣ እንድከፍተው አዝዛኝ ፊቷን አዞረች። ጣቴን ቆርጦኝ ደሜ ሳንቲሙ ላይ ሲንጠባጠብ ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

፫. ይህ እንኳ ልመና ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም። ባለፈው ሳምንት የክት ልብሷን ለብሳ መጥታ፣ መስታወቱ ፊት ቆማ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። በዚህ ቆርቆሮ አንዲት እናት ልጇን አስተምራ ለቁም ነገር አበቃች ይላል ብዬ አነበብኩላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አስጎብኚዎ አጠገባችን ቆሞ እየሰማ ዝም አለ፤ ውለታውን አልረሳም።

አሁን የጨነቀኝ የፊታችን ቅዳሜ ነው። እናቴ አብረዋት ልብስ ያጠቡትን ጓደኞቿን ሁሉ ጠርታለች። አንደኛዋ በስተርጅና ማንበብ ስለተማረች፣ ያገኘችውን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብላ ካላነበበች አይሆንላትም። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ በእኩዮቿ ፊት አንገቷን እንድትደፋ አልፈልግም። ስለዚህ ጽሑፉን እስከ ቅዳሜ ይለውጡልኝ፤ ካልሆነም ያንሱት። ወጪው ሙዚየሙን እንዳያናጋው ስለምሰጋ ወረቀቱን እኔ እችላለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ካዘነ ልብ ጋር፣
ግንዛቤ ያነሳት የልብስ አጣቢዋ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ያንን ደግ ቃል የጻፈው ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ እርስዎ ነዎት ብያታለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለጸሎት በቆመች ቁጥር፣ ከእኔም አስቀድማ የምትመርቀው እርስዎን ነው።